በሳውዝ ፎርክ አሜሪካን ወንዝ የሙሉ ቀን ራፍቲንግ፦ ለጀማሪና ለቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳውዝ ፎርክ አሜሪካን ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወርዶ ፎልሰም ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ጄምስ ማርሻል ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 ወርቅ ያገኘባት ኮሎማ በዚሁ ወንዝ ዳር ናት። ዛሬ ሰው ወደዚያ የሚጎርፈው ለራፍቲንግ ነው፤ አየር በተነፋ ወፍራም ጀልባ፣ ጋይዱ ከኋላ እየመራ፣ በድንጋይ መሃል አረፋ እየደፈቀ በሚወርድ ውሃ ላይ እየቀዘፉ መውረድ። ቦታው ከሳክራሜንቶ አንድ ሰዓት፣ ከኦክላንድ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሳን ሆዜ ሦስት ሰዓት ገደማ በመኪና ያስኬዳል።

“ዋና አልችልም እኮ” የሚለው ሁሌም የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ዋና አለመቻል ብቻውን አያስቀርም፤ ላይፍ ጃኬቱ ያንሳፍፋል። ቢቀር የሚሻለው ውሃ ፊቱን ሲነካው እጅግ የሚደነግጥና የሚነገረውን መስማት የሚያቆም ሰው ነው። የቀኑ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማንም ልብ ከማይለው ነገር ነው፦ ከጎረቤት መቅዘፊያ፣ ከነጠላ ጫማ፣ ከፀሐይ፣ ውሃ ውስጥ ለመቆም ከመሞከር።

የወንዙን ክፍልና ጊዜውን መምረጥ

ጉዞ የሚደረግበት የወንዙ ክፍል 21 ማይል (34 ኪሎ ሜትር) ያህል ሲሆን ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ቺሊ ባር ይባላል፤ ከፕላሰርቪል አጠገብ ተነስቶ ኮሎማ ይደርሳል። የታችኛው ጎርጅ ሲሆን ከኮሎማና ከሎተስ አካባቢ ተነስቶ ሳልሞን ፎልስ ላይ ያበቃል። የወንዝ ውሃ ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይለካል፤ 1 ረጋ ብሎ የሚሄድ፣ 6 ደግሞ ማንም እንዲገባበት የማይመከር ነው። ሁለቱም ክፍሎች ደረጃ 3 ይባላሉ።

ለጀማሪ ቤተሰብ ጎርጅ ይሻላል ባዮች ነን፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ነው። ቺሊ ባር ላይ ሰው መቅዘፊያውን በቅጡ ሳይጨብጥ ገና ከመነሻው ሚትግራይንደር የሚባለው ረጅምና ድንጋያማ ሞገድ ይቀበለዋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ውሃው ድንገት ታጥፎ የሚወርድበት ትራብልሜከር አለ። ጎርጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በቀላል ሞገዶች ያሳልፋል። ልጆቹ ይለማመዳሉ፣ ትልልቆቹም ትከሻቸው ይፈታል፤ ከባዶቹ የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች የሙሉ ቀን ብለው የሚሸጡትም ይህንኑ ነው። በአንድ ቀን 21ዱንም ማይል የሚያስኬድ ጉዞ ቢቀርብላችሁ ከልጆች ጋር አትሞክሩት፤ ከሰዓት በኋላ የደከመ ልጅ መቀመጫውን አይጠብቅም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ኤፕሪልና ሜይ በረዶ የሚቀልጥበት ወቅት ስለሆነ ውሃው ብዙ፣ ፈጣንና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ ያለው ለቤተሰብ የተመቸ ነው። በእነዚህ ወራት የሚፈሰው ከላይ ካሉት ግድቦች በሰዓት ተለክቶ የሚለቀቅ ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1,200 እስከ 1,800 ኪዩቢክ ጫማ ይሆናል። ለጀማሪ ልክ የሆነው መጠን እሱ ነው። ዝናብና በረዶ ባነሰበት ዓመት ግን ውሃ የማይለቀቅባቸው የሳምንት ቀናት ይኖራሉ፤ ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት ለድርጅቱ ደውሉ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ መሄድ ከተቻለ ዋጋውም ሰዉም ከቅዳሜ ይቀንሳል።

ስትይዙ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ “በየጀልባው ጋይድ አለ ወይ?” ነው። በአንዳንድ ወንዞች ላይ ደንበኞቹ ብቻቸውን ቀዝፈው ጋይዱ በሌላ ጀልባ የሚከተልበት አሠራር አለ። ለጀማሪ ያ አይሆንም፤ ከስድስት ወይም ሰባት ሰው ጋር አንድ ጋይድ ከኋላ የተቀመጠበትን ያዙ።

ቀጥሎ ዕድሜና ክብደት ነው። ለጎርጅ ብዙ ድርጅቶች ከ6 እስከ 8 ዓመት የሆነን ልጅ ይቀበላሉ፤ ውሃው ሲበዛ ግን ዕድሜውን ከፍ ያደርጉታል። ዕድሜው ቢሞላም ቀጭን ከሆነ በልኩ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ። በሌላ በኩል ግዙፍ ሰው ካለ የደረት ልኩን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መነሻው ላይ ደርሶ ጃኬቱ አልገጥም ብሎት የሚመለስ ሰው አለ።

ሦስተኛው በእኛ ቤተሰብ ዘንድ በተደጋጋሚ ጣጣ የሚያመጣ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የኃላፊነት ቅጹን የሚፈርመው ወላጁ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው ነው። የእህታችሁን ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አክስትነት አያስፈርምም፤ ቅጹ በኢንተርኔት ለእናታቸው ተልኮ ቀድሞ ይፈረም።

ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ጋር ነው፤ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ወንዙ ዳር ይዘረጋል። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ፍልሰታ ላይ ከሆነ (ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሆነ ከወቅቱ ጋር ይገጥማል) ስትይዙ “ቪጋን” ብላችሁ አስመዝግቡ። በዚያው ቀን ጠዋት ብትናገሩ ምግቡ ተጭኗል።

ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ትከሻው የመውለቅ ታሪክ ያለው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይቅር፣ ወይም ሐኪሙን ያማክር። አስም ያለበት መተንፈሻውን ለጋይዱ ይስጥ፤ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ተደርጎ በዚያው ጀልባ ላይ ይታሰራል። በሁለት ጀልባ ከተከፈላችሁ መድኃኒቱ ከባለቤቱ ጋር መሆኑን አረጋግጡ።

ከሳምንት በፊት በቤት

ልጁን ወደ መዋኛ ወስዳችሁ ላይፍ ጃኬት አልብሱትና በጀርባው ተንሳፍፎ እግሩን አንስቶ ለአንድ ደቂቃ እንዲቆይ አድርጉ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ ውሃ ርጩበት። ስቆ ከጠረገ ዝግጁ ነው። ካለቀሰና አንገታችሁ ላይ ከተጠመጠመ ዘንድሮ ይቆይ፤ መሄዱ ለከርሞም አያመልጠውም።

ጋይዱ የሚጠቀምባቸው ትእዛዞች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይጮሃሉ። ከአገር ቤት የመጡ እማማ ወይም አባባ አብረዋችሁ ካሉ መኪና ውስጥ አለማምዷቸው። “ፎርዋርድ” ወደፊት ቅዘፉ ነው። “ባክ ፓድል” ወደኋላ፣ “ስቶፕ” መቅዘፊያውን አንስታችሁ ጠብቁ። “ለፍት ባክ” ሲባል በግራ ያሉት ወደኋላ፣ በቀኝ ያሉት ወደፊት ይቀዝፋሉ፤ “ራይት ባክ” ተቃራኒው ነው። “ጌት ዳውን” ሲባል ከጎን ተነስታችሁ ወደ ጀልባው ወለል ዝቅ ትላላችሁ። የመጨረሻው “ሃይ ሳይድ” ነው፤ ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ሲመታ ሁሉም ሰው ሳያመነታ ወደ ድንጋዩ በኩል ይዘላል። ሰው በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፤ ያኔ ክብደቱ ውሃው በሚመጣበት ጎን ላይ ይሆንና ውሃው ያንን ጎን ወደ ታች ገፍቶ ጀልባውን ይገለብጠዋል። ይህ ትእዛዝ ቀኑን ሙሉ ላይመጣ ይችላል፤ ከመጣ ግን ለመተርጎም ጊዜ የለም።

ምን ይለበሳል?

ከላይ የሚመታው ፀሐይ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከታች ያለው ውሃ ግን ከ10 እስከ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥጥ ውሃ ይዞ ስለሚያበርድ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት አይሆኑም። የዋና ልብስ ከውስጥ፣ ከላይ ደግሞ የፖሊስተር እጀ ረጅም ይበቃል። ሰውነቷን መሸፈን የምትፈልግ ሴት ሌጊንግና ጠበቅ ያለ እጀ ረጅም ትልበስ፤ የሚንዘረፈፍ ቀሚስ ውሃ ውስጥ እግር ይጠልፋል። ከጁን በፊት ከሆነ ዌትሱት (ከቅዝቃዜ የሚከላከል ጠበቅ ያለ የላስቲክ ልብስ) ከድርጅቱ ተከራዩ።

ጫማ ከኋላ የሚታሰር ይሁን፤ አሮጌ ስኒከር ከሁሉም ይሻላል። ሸበጥ መጀመሪያ የሚወስደው ሞገዱ ነው፤ ቀጥሎ ምሳ ላይ በጋለ አሸዋና በሾለ ድንጋይ ላይ ባዶ እግር መራመድ ይመጣል።

ፀጉር በአናት ላይ ከተጠቀለለ ሄልሜቱ አይገባም። ሹሩባውን ማጅራት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ዊግ ሆቴል ይቅር። ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥና የወርቅ ሐብልም እንደዚያው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጣትን ስለሚያቀጥን ቀለበት ሳይታወቅ ይሾልካል፤ ወርቅ የወጣበት ወንዝ ደግሞ ወርቅ መልሶ አይሰጥም። ማተብ ግን ከጃኬቱ ሥር ሆኖ ችግር የለውም። መነጽር የሚያደርግ ከኋላ የሚይዝ ማሰሪያ ይግዛ።

የፀሐይ ክሬም ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና የእግር ጭን ፊት ለፊት ላይ ይቀባል። የጭን ጀርባ ላይ አይቀባ፤ የምትቀመጡት ርጥብ ላስቲክ ላይ ስለሆነ ሰውን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ግንባር ላይ ደግሞ በዱላ መልክ የሚሸጠውን ተጠቀሙ፤ ፈሳሹ ከመጀመሪያው ሞገድ በኋላ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል።

ጠዋት፦ ከቢሮ እስከ ጀልባ

መገናኛው ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡30 እስከ 9፡00 ነው። በአበሻ ሰዓት አስልቶ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፤ ውሃው በሰዓት ስለሚለቀቅ አውቶቡሱ አይጠብቅም። ከሀይዌይ 50 ፕላሰርቪል ላይ ወጥታችሁ ሀይዌይ 49ን ወደ ሰሜን ያዙ። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ቁርስ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ቀለል ያለ ይሁን። መጠጥ አይነካም።

ላይፍ ጃኬት ሲሰጣችሁ ከታችኛው ማሰሪያ ጀምራችሁ ወደላይ አጥብቁ። ከዚያ ሌላ ሰው ሁለቱን የትከሻ ማንገቻዎች ይዞ በኃይል ወደላይ ይሳብ። ጃኬቱ ተነስቶ አገጭን ካለፈ ላልቷል፤ ውሃ ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ጠብቆ “ትንሽ አፈነኝ” ካላችሁ ልክ ነው። ጋይዱ ያጠበቀውን ለምቾት ብሎ ማላላት ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው፤ ልጆች ምሳ ላይ ስለሚፈቱት ከምሳ በኋላ ደግማችሁ ሳቡት። ሄልሜቱ ግንባርን ይሸፍን፤ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አይዙር።

የመኪና ቁልፍ ቢሮ ይቀመጣል። ስልክም እንዲሁ ቢቀር ይሻላል፤ ትልቁ ሞገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ስለሚቆም ማታ መግዛት ትችላላችሁ።

አቀማመጥና አቀዛዘፍ

የሚቀመጠው በጀልባው ጎን ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም። እግር መሃል ላይ ከተጋደመው ቱቦ ሥር ይሸጎጣል፤ ሰውነት የሚይዘውም በዚያ ነው። ቁርጭምጭሚት እስኪቀረቀር አትግፉት፤ ሲወድቁ በቀላሉ መውጣት አለበት። ጠንካራና የማይደነግጡ ሁለት ሰዎች ከፊት ይቀመጡ፤ ምቱን የሚያስይዙት እነሱ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የሚረጥቡትም እነሱ። ልጆች ከኋላ፣ ጋይዱ እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። ትንሽ ልጅ ትልቁ ሞገድ ላይ መቅዘፉን ትቶ ማሰሪያውን ቢይዝ ማንም አይቀየመውም።

አሁን የቀኑን ዋና ሕግ። የመቅዘፊያው ጫፍ ላይ በእንግሊዝኛው ቲ ፊደል ቅርጽ የተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ እጀታ አለ። አንድ እጅ ሁልጊዜ፣ ያለማቋረጥ፣ ያንን እጀታ ከላይ ሸፍኖ መያዝ አለበት። ጀልባው ድንገት ሲመታ ሰው በደመ ነፍስ መቅዘፊያውን ለቆ ገመድ ለመያዝ ይዘረጋል፤ የተለቀቀው እጀታ በዚያው ቅጽበት ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው አፍ ያገኛል። ጥርስ የሚሰበረውና ከንፈር የሚተረተረው በዚህ ነው። ሚዛን ሲጠፋ የውጪው እጅ ቢለቅም የእጀታው እጅ አይለቅም።

ሲቀዝፉ ከወገብ ጎንበስ ብሎ መቅዘፊያውን ወደፊት አርቆ መስደድ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ በጀርባና በሆድ መሳብ። በክንድ ብቻ የሚቀዝፍ ሰው ገና ከምሳ በፊት ይዝላል። ከኃይል ይልቅ አብሮ መምታት ይበልጣል፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ያለው ሰው ላይ ይሁን። ሞገዱ ፊት ላይ ሲመጣ መቅዘፍ ማቆም ሌላው የጀማሪ ልማድ ነው፤ ያልተቀዘፈ ጀልባ ለመሪው አይታዘዝም፤ ውሃ ውስጥ የተነከረ መቅዘፊያም እንደ ምርኩዝ ያጸናል።

ከጀልባ ብትወድቁ

ከሁሉ በፊት፦ አትቁሙ። ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነና የሚፈስ ከሆነ እግር መሬት መንካት የለበትም። ታች ባሉት ድንጋዮች መካከል እግር ከተሰነቀረ የውሃው ግፊት ሰውየውን ወደፊት ይደፋዋል፤ ላይፍ ጃኬት ያደረገ ሰው በወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ የሚሰጥመው እንዲህ ነው። ስለዚህ በጀርባ ተንጋሎ፣ የእግር ጣቶች ከውሃው በላይ እስኪታዩ እግር አንስቶ፣ እግርን ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ መንሳፈፍ ነው። ድንጋይ ቢመጣ በእግር ትገፉታላችሁ። መተንፈስ የሚቻለው በሞገዶቹ መካከል ባለው ዝቅታ ነው፤ ጫፉ ላይ አፍ ይዘጋል።

ጀልባው ቅርብ ከሆነ ወደ እሱ ዋኙ። ከጀልባው ሥር ከወጣችሁ አትደንግጡ፤ እጃችሁን ወደላይ አንስታችሁ ወለሉን እየዳሰሳችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ፤ አቅጣጫ የሚቀያይር ሰው እዚያው ይዞራል። ጋይዱ በትንሽ ቦርሳ የታጨቀውን የማዳኛ ገመድ ከወረወረ ገመዱን እንጂ ቦርሳውን አትያዙ፤ ቦርሳው ውስጥ ገና ያልወጣ ገመድ አለና። ገመዱን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ በጀርባችሁ ተኙ፤ እጅ ላይ ፈጽሞ አይጠቀለልም።

ለየት ያለው አደጋ የወደቀ ዛፍ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ይቀራል። ማምለጥ ካልተቻለ በደረት ተገልብጦ ጭንቅላትን አስቀድሞ በፍጥነት ወደ ዛፉ መዋኘትና ላዩ ላይ መውጣት ነው። እግርን ማስቀደም የማይሠራበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

የወደቀውን ሰው ለማውጣት ፊቱን ወደ ጀልባው አዙሩት፣ ሁለቱን የጃኬት ማንገቻዎች ያዙ፣ ጉልበታችሁን ከጀልባው ጎን ጋር አጣብቁና ወደኋላ ውደቁ፤ እላያችሁ ላይ ይመጣል። እጁን ይዞ መጎተት ትከሻ ያወልቃል።

ወንዙ ላይ

ኮሎማና ሎተስ አካባቢ ከኢንዲያን ክሪክ እስከ ግሪንውድ ክሪክ ድረስ የጸጥታ ክልል ነው፤ ዳር ዳሩን ሰዎች ስለሚኖሩ ጩኸትና ዘፈን አይፈቀድም። እልልታችሁን ለኋላ አቆዩት። ምሳ ላይ ከጀልባ ስትወርዱ ከቁጥቋጦ ራቁ፤ ሦስት ሦስት ሆነው የበቀሉ የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች ያሉት ፖይዝን ኦክ ቆዳን ለቀናት ያሳክካል። ቀኑን ሙሉ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ላይ ሆኖ መጠማት ስለማይታወቅ ራስ ምታት የሚመጣው ማታ ነው።

ከምሳ በኋላ ሸለቆው ይጠብና ሞገዶቹ ይከታተላሉ። ሳታንስ ሴስፑል (“የሰይጣን ቆሻሻ ጉድጓድ”) የሚባለው ስሙም የሚያስማትብ ነው፤ ውሃው ድንገት ወርዶ ወደ ድንጋይ ይገፋል፤ ፎቶ አንሺውም የሚቆመው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ከጋይዱ ትእዛዝ በፊት ማንም አይቀዝፍም፤ ሲታዘዝ ደግሞ ማንም አያቆምም። ወደ መጨረሻው ሆስፒታል ባርና ሪከቨሪ ሩም ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥ ያለ የሐይቅ ውሃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ፊት ለፊት ስለሚነፍስ ጥቂት ጉልበት አስቀሩለት።

ሲያበቃ

ሳልሞን ፎልስ ላይ ትወርዳላችሁ፤ አውቶቡስ ወደ መኪናችሁ ይመልሳችኋል። ደረቅ ልብስና ፎጣ መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ። ለጋይዱ ከዋጋው ከ10 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ከየቤተሰቡ ተሰብስቦ በአንድ ሰው እጅ ቢሰጥ ይቀላል። ወደ ቤት የሚነዳው ሰው ሌሎቹ ተኝተውበት ሦስት ሰዓት መንዳቱ ስለማይቀር ከመነሳታችሁ በፊት ቡና ይጠጣ፤ ሁለት ሹፌር ካለ ተቀያየሩ። ቤት ስትደርሱ ቁጥቋጦ የነካ ሰው ካለ ገላውን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ልብሱና ጫማው ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይታጠብ፤ የፖይዝን ኦክ ቅባት ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያልና።